ዋስ ያለው ዕቃ

ሐወሊ፣ ኢብን ኻልዱን መንገድ፣ ምድር ቤት ያለ ሱቅ፤
ከላይ ሙቀት የሚያቀልጥ፣ ከታች ኤሲ የሚያደርቅ።
በውሌ ላይ ሻይ አፍይ ነኝ፣ መስታወት የምወለውል፤
የጓዳው መደርደሪያ ግን በኔ እጅ ነው የሚውል፤
የካርድ ሬሳ የሚተኛበት፣ ተመላሹ በየፈርጁ፣
ከነደረሰኙ በላስቲክ ታስሮ፣ ዕለቱን የሚጽፍበት ቢጁ።

ሽኩር ዓርብ ከሰዓት መጣ፣ የወር ደመወዙ በኪሱ፤
የጥበቃ ላቡ ጨው ሠርቶ፣ ካርታ ስሎ በልብሱ።
ሌሊት ሌሊት ቤት ይነድፋል በዚያ ጉፋያ ኮምፒውተሩ፤
አንዲት መስኮት ብርሃን እስክታስገባ አዛን ይላል ሰፈሩ።
«ሉባባ፣ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው፤ የቱ ነው ፈጣኑ?
ዘንዶ ያለበት አማረኝ፣ ቀስተ ደመና ነው ጎኑ።»

ፍጥነቱን ካርቶኑ ይንገርህ።
ዋጋውን አቡ መሻሪ ይንገርህ።
እኔ የማውቀው የሚመለሰውን ነው፤ ና፣ ግባ ጓዳ።

ይኸው ዘንዶህ፦ ሰባት ናቸው፣ ባንድ ሐምሌ የወደቁ፤
ደብዳቤ ተጽፎላቸው፣ ተጽፎላቸው፣ መልስ ሲጠብቁ የደረቁ።
ኩባንያው መጀመሪያ «የብሎኑ ማኅተም ተነሥቷል» አለ፤
በዚህ ሙቀት እንኳን ማኅተም፣ ጥፍርስ መች ተጣብቆ ዋለ?
ቀጥሎ «አቧራ ገብቶበታል» አለ።
አቧራ ያልገባበት እዚህ አገር ምን አለ?
ሳንባዬን ያውጡና ይዩት።

የሱቁ ዋስትና ሌላ ነው፣ የፋብሪካው ሌላ፤
አቡ መሻሪ ሰባት ቀን ወንድምህ ነው፤
በስምንተኛው «ማነህ?» ይላል፣ ሩዙን እየበላ።

ይሄኛው ደግሞ ሥዕል የለው፣ መብራት የለው፣ ካርቶኑ ዐመድማ፤
ሦስት ዓመት ዋስ ነኝ ብሎ የፈረመ፣ በዚህ መደርደሪያ የማይታማ።
አይበላሽም አልልህም፤ ብረት ነው።
ባለፈው ረመዳን አንዲት ተማሪ ደረሰኟ ጠፍቶባት ስታለቅስ፣
ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንብበው ላኩላት አዲስ፤
ከዒድ በፊት ደረሰ። ቢጁ ያን ቀን ማንንም ሳይሳደብ ዋለ።
ስም ማለት፣ ሽኩር፣
ገንዘብህን ከተቀበሉ በኋላ ስልክ ማንሣት ነው።

ዝም አለ። ዋጋ ሲደምር መስሎኝ ነበር።
«ዋስ ያለው ዕቃ» አለ በመጨረሻ፣ «እኛስ?»

ሳቅሁ። እኔ እኮ ዋስትና ነበረኝ!
ኤጀንሲው ስድስት ወር ጽፎብኝ ነበር፣ እንደ ፍሪጅ፣ እንደ ቴሌቪዥን።
በአምስተኛው ወር ማዳም «ይህቺ ታስላለች» ብላ መለሰችኝ፣
ከነሻንጣዬ፣ በአሽከርካሪዋ።
ምትክ ሰጧት፣ ሌላ ልጅ፣ ከባቲ የመጣች፣ ሳል የሌላት።
ዋስትናው የኔ አልነበረም ለካ፤ የገዢዋ ነበር።
እዚህ ከፊል ይሉታል፤ ሲተረጎም ዋስ ነው አሉኝ።
እኛ አገር ዋስ ያስፈታል፤ የዚህ ዋሶች ቆለፉኝ።

ዐመድማውን ገዛ። ዘጠና አራት ዲናር፤ ሁለቱን አቡ መሻሪ ማረው።
ፎርሙን ሰጠሁት። የሱ ውል መጋቢት ላይ ያልቃል፤
ካርዱ ግን ገና ሦስት ዓመት ባለ ዋስ ሆኖ ይኖራል።
«እዚህ አገር ተጠሪ» የሚለው መስመር ላይ ብዕሩ ቆመ፤
ቀና ብሎ አየኝና፣ ሳይጠይቀኝ፣ ስሜን ጽፎ ፈረመ።

ደረሰኙን ፎቶ አንሣው አልኩት፣ ዛሬውኑ፣ ከደረጃው ሳትወጣ።
ይህ ወረቀት ሙቀት አይችልም፤
በሐምሌ ጥርት ብሎ ይነጣል፣
ማንም ለማንም ዋስ ያልሆነ ይመስል።