ጥቅሻ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ከኮይምባቶር ዳር፣
ሺህ እንዝርት ሲሾር፣ ሺህ ቀጭን ክር ሲከር፣
መብራቱ አልጠፋም። መጥቀሱ ብቻ ነው፤
ከአምፖሉ ሥር ቆሞ ልብ ያለው ማነው?
የሰከንድ አምስተኛ አይሞላም ርዝመቷ፤
ማሽኑን ግን ጣለው ያ የቅጽበት ምቷ።
ሺው እንዝርት ባንዴ ጭጭ አለ፣ ረጭ አለ፤
ሺህ ክር ተበጥሶ ባየር ላይ ዋለለ።

ቫላርማቲ መጣች፣
አፏን በጨርቅ ሸፍና፣ ጥጥ በቅንድቧ ለብሳ፣
ውል ትፈልጋለች ከረድፉ ጎንብሳ፤
በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣት ማሸት፣ መቀጠል፣
አንዱን ስታነሳው ሌላው ሲንጠለጠል።

እኔ ስልክ አነሳሁ።
«ኢላንጎ ነኝ፣ ከፈትል ፋብሪካው።»
«መብራት ጠፋ?»
«አልጠፋም።»
«ታዲያ ምን ሁኑ ነው?
መዝገባችን ንጹሕ ነው፣ የጠፋ መብራት የለም፤
ያልጠፋ ነገር ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አይፈለግም።»

ከአጥሩ ማዶ ያለው ብረት አቅላጩ እቶን፣
እሱ ሲጎርስ ሁሌ እኛን ነው የሚያንቀን።

ባለቤቱ ፔሪያሳሚ ሲነጋ ደብተር ገለጠ፤
ስንት ኪሎ ክር ተጣለ፣ ስንት ሰዓት አመለጠ፣
የተቃጠለች አንዲት ካርድ፣
ምትኳ ከቼናይ እስኪመጣ አራት ቀን፣
የጄኔሬተር ናፍጣ፣
ሁሉን ጻፈ። ያልጻፈው የሞተሩን ትኩሳት ነው፣
ሞገዱ እየቆሸሸ ውስጥ ውስጡን የሚበላውን።
መዳፌን ሳሳርፍበት
እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይፋጃል፤
ዛሬ አይሞትም፣
ዕድሜውን ግን ይፈጃል።

ከወር በኋላ ከቲሩፑር ደብዳቤ መጣ፤
«ክራችሁ ወጣ ገባ ነው፣ ቋጠሮው በዝቷል፤
እናዝናለን፣ ውላችን ፈርሷል።»
ያን ሌሊት አንዲት ሴት ሺህ ውል ፈልጋ አገኘች፤
እሱ ግን አንዱን አጣ።

የመብራት ቢልም መጣ። አልጎደለም፣ ሙሉ ነው፤
በዚያች ሌሊት ዓይኑን ያልጠቀሰ ቆጣሪው ብቻ ነው።

ዛሬም በጠዋቱ አውቶቡስ
ቫላርማቲ መስኮት ተደግፋ አንቀላፍታለች፤
በኪሎ የሚታሰበው ጉርሻዋ ተቆርጧል፣
ለምን እንደሆነ እኔን ጠይቃኛለች፣
«መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» ብላ።
ምን ልበላት?
አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጭኗ ላይ
ቀስ እያሉ ያሻሉ፣
የሌለ ክር ይቀጥላሉ።