ሩብ ቫዮሊን

ቅዳሜ ሲነጋ ደጃፌ ላይ ጫማ፣
ስድስት ትንንሽ ጥንድ፣ ሦስት የትልቅ ሰው፤
የሄርማታን ጭቃ ምንጣፍ አልመለሰው።
ግድግዳዬ ላይ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣
ቫዮሊኖቼ ናቸው፣
እንደ ቤተሰብ ፎቶ በቁመት የዋሉ።

የጅማ ዝናብ ነው፣ ቀጠሮ አያውቅም፤
ቆርቆሮዬን ሲይዝ ማስተማር አልችልም።
ልጆቹ ግን ያኔ፣ ማንም ሳይሰማቸው፣
ከሌላው ቀን ይልቅ ይቀናል እጃቸው።

የክፍያ ደብተሬ ዓምዱ ሦስት ነው፦
የሰጡ፣ ነገ የሚሰጡ፣
በማር ተቻችለን ዝም የተባባልነው።
የደጋኑ ጭራ ሲሳሳ ሲያልቅብኝ
ጋሪ ነጂው አለ፣ ከነጩ ፈረሱ ቆርጦ የሚሰጠኝ።
አከራዬ ደግሞ በአጥር ብቅ ብለው
"ዛሬስ ድመት አረዳችሁ?" ይላሉ፤
ይቅርታ እላለሁ፣
አቮካዶ ያቀብሉኛል፣ ይገባሉ።

አንድ ሕግ አለችኝ፣ በር ላይ የለጠፍኳት፦
"ስልክ እየነካኩ መጠበቅ የለማ፤
ወላጅ ከልጅ በፊት ይማር አንድ ዜማ።"

እትዬ ዘቢባ፣ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ፣
"የከፈልኩት ለልጄ" ብላ ሦስት ሳምንት አኮረፈች።
በአራተኛው፣ ኢፍቱ ስትስት በዓይኗ ስትቆጣት፣
"እስቲ አንቺ ያዢው" አልኳት።
ያዘች። ጣቷ ተንቀጠቀጠ።
"ይሄን ያህል ነው እንዴ?" አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ፤
ከዚያ ወዲህ ያ ዓይን በኢፍቱ አልተተከለ።

ተማም ግን ሌላ ነው። የመንደራ አናጢ፣
ከአንድ ግንድ በርጩማ ጠርቦ የሚያወጣ።
ሙአዝን በብስክሌት አፈናጦ መጣ።
ሩቡን ቫዮሊን ከእጄ ተቀበለኝ፣
ገለበጠው፣ በጥፍሩ ቆረቆረው፣ አሸተተው፣
"ሙጫው ደህና ነው" አለኝ፣
"እንጨቱን ግን አላውቀው።"

ደጋኑን ሲጨብጥ ክንዱ ገተር አለ፣
ገዘገዘው፣ ክሩ ሲጥ ሲጥ አለ።
"ተማም" አልኩት፣ "ይሄ መጋዝ አይደለም።"
ቀና ብሎ አየኝ። አልተቀየመም።
"መጋዝም" አለኝ፣ "ከተጫኑት አይቆርጥም፤
በራሱ ክብደት ነው የሚሄድ።
የእጅ ሥራ መንገድ መስጠት።"

አሥራ አንድ ዓመት በዚህች ሳሎን ኖሬ
"ትከሻ ጣል፣ ክርን ላላ" እያልኩ አስተምሬ፣
ይችን አንድ ቃል ሳጣት!

ደጋኑን መለስኩለት። አልተጫነውም።
የወጣው ድምፅ ትልቅ አልነበረም፣
ግን ቀጥ ያለ፣ እንደ ተላገ ጣውላ ጠርዝ።
ሙአዝ አባቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣
በጉንጩ የደበቀውን ማስቲካ ዋጠ።

ዜማዋን ተማም በሦስት ወር ጨረሳት፣
ሙአዝ በሦስት ሳምንት።
ከዚያ ወዲያ አባትየው ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣
ሳጋቱራ በቅንድቡ፣ አንዳንዴም ያንቀላፋል።
የሩቡ መቃኛ አንዷ ብትሰበር
ከዋንዛ ቀርጾ አመጣልኝ በወረቀት ጠቅልሎ፤
ከእህቶቿ ትጠቁራለች፣ ግን አትንሸራተትም።

ዘንድሮ የሙአዝ ክንድ ተመዘዘ፣
ሩቡ አገጩ ሥር እንደ መጫወቻ ሆነ።
ግማሹን ሳወርድለት
ተማም ትንሹን በመሐረቡ ጠረገው፣
ዋንዛዋን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረጋት፣
ሚስማሩ ላይ ራሱ ሰቀለው።
ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩት።

ትናንት ከቦሳ አዲስ አዲስ ልጅ መጣች፣
ቢሊሌ፣ ስድስት ዓመቷ፣
እናቷ ነርስ ናት፣ ከነዩኒፎርሟ ደፉ ላይ ቆመች።
ሩቡን አወረድኩላት።
ልጅቷ ደጋኑን ክሩ ላይ ደፍጥጣው
አጥንት የሚሰብር ጩኸት አወጣች።
"ቀስ በይ" አልኳት፣ "ይሄ መጋዝ ነው።"
እናቷ ደንግጣ ልጇንም እኔንም አየች፣
የበሩን ወረቀት ደግማ አነበበች፣
ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች።