ኡኡታ በጠባሴ

መቀመጫ የለው፣ ብስክሌቴ ጎባጣ፣
ከአሮጌ ዕቃ መሐል በኮንቴይነር መጣ።
"ይሄማ ጎደሎ" እያለ ሰው ሁሉ፣
በአንድ ሙክት ዋጋ ገዛሁት ከነአመሉ።
ለመንገድ አይደለም፣ ለእሽቅድምድም አይደል፣
ከድንጋይ ድንጋይ ላይ መዝለል እንደ ፍየል፤
በኋላ ጎማው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም፣
ወዴት እንደሚዘል ለአንድ አፍታ ማለም።
ይህ ሁሉ በፍሬን ነው፤ ሁለት የላስቲክ ጥርስ
ቸርኬውን ነክሰው እስኪይዙት ድረስ።

ይጮሃል ታዲያ፣
እንደ ዛገ ማጠፊያ፣
ከቢላ አምልጦ እንደ ሮጠ ዶሮ፣
ሰሌዳ እንደቧጠጠ ጥፍር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ከፈረቃ ወጥቼ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ብናኝ ጠጥቼ፣
ቁልቁለቱን ወርጄ ብይዘው ከቀበሌው በር
ጠባሴ በሙሉ ወጣ ከነብትር።
"ማነው የታረደው?" አሉ እትዬ አስካለ፣
ፊቴ ላይ የበራው ባትሪያቸው ዋለለ።
"እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ፍሬን ነው የጮኸው።"
"ፍሬን?" አሉ። "ፍሬንማ ዝም የሚያሰኝ ነው!"
ወይንሸት ልጃቸው አራስ ናት በወሯ፤
ገና መተኛቱ ነበር ሕፃኑ ከሥሯ።
አፈርኩ።

ጋሽ አጥናፍ ዘንድ ሄድኩ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
ጥፍራቸው ግራሶ የጠጣ፣ ጢማቸው የጥጥ አበባ።
ቸርኬውን ዳሰሱት እንደ ወጌሻ እጅ፣
"ይሄ ሰው የቀባው ሬንጅ ነው፣ ሬንጅ!
የቀድሞ ባለቤቱ፣ የትም አገር ይኑር፣
እንዲነክስ ብሎ ነው፣ እንዲነክስ የምር።"
"ብቻ ዝም ይበልልኝ" አልኩ።

በዳግም አረቄ ወለወልነው እስኪነጣ፤
የጠርሙሱን ግማሽ ጋሽ አጥናፍ፣ ግማሹን ቸርኬው ጠጣ።
በብርጭቆ ወረቀት የላስቲኮቹን ፊት ፋቅን፣
የሞባይል ካርድ አጥፈን ከኋላቸው ወተፍን።
"አፍንጫው ቀድሞ ይንካ፣ ጭራው ዘግይቶ" አሉ፤
"ሁሉም እኩል ከደረሰ ይጣላሉ።"
ቡሎኑን አጠበቅን። ካርዱን መዘዝን።
ጎተትኩ። ዝም። ሁለታችንም ዝም አልን።

ሦስት ቀን ዞርኩ በጠባሴ እንደ ድመት፣
እትዬ አስካለ መረቁኝ፦ "እደግ፣ ይህ ነው ጨዋነት።"

እሑድ በሬሳ ወረድኩ። ውርጭ ያደረበት
ጥቁር ድንጋይ ነበር፣ ጀርባው ላብ ያለበት።
ዘለልኩ። ፍሬኑን ጨበጥኩት፣ እጄ ሙሉ ያዘ፤
ጎማው ግን አልሰማኝም፣ በዝምታ ተጓዘ።
አንዲት ድምፅ ሳያወጣ፣ ጨዋ እንደሆነ፣
ከውሃው ውስጥ አኖረኝ፤ ክርኔ ደም ሆነ።
ለጥቂት ነው እንጂ፣ እንደ ሄድኩ በእግሬ፣
በሬሳ ነበረ የምገባ ሰፈሬ።

ክርኔን በሻሽ አስሬ ተመለስኩ መናኸሪያ፤
ጋሽ አጥናፍ ቀና አላሉም ከያዙት ካመራዳሪያ።
"ያኔም ልነግርህ ነበር፤ አንተ አልጠየቅከኝም።
ዝም ይበልልኝ አልክ፤ ይያዝልኝ አላልክም።"
በጣሳ ሬንጅ አመጡ፣ ከአስፋልት ሥራ የተረፈ፣
ቸርኬውን ኳሉት፣ በየስንዝሩ ጣታቸው እያረፈ።
"ላስቲኩ እንዳጋደለ ይቆይ፤ ጩኸቱ ይለዝባል፤
እሪ ከሚል ይልቅ፣ ይኸውልህ፣ ያጉረመርማል።"

አሁን ከፈረቃ ስወጣ፣ ከመታጠፊያው ጀምሬ
እንደ ታመመ ጠቦት እሸከመዋለሁ እስከ በሬ።

ትናንት ግን ሌሊት፣ ብርዱ ቆርቆሮ ሲያስነጥስ፣
ያ ሕፃን እምቢ ብሎ ሰፈር ሙሉ ሲያለቅስ፣
እትዬ አስካለ ወጡ፣ በጋቢ ጠቅልለው፤
"እስቲ ያንን ጉድህን፣" አሉ፣ "አንዴ ያዝ አድርገው።"
ገፋ አድርጌ ያዝኩት። ግርርር አለ ቸርኬው።
ሕፃኑ ልቅሶውን ትቶ፣ አፉን ከፍቶ አደመጠው።
"አላልኩም?" አሉ ሴትየዋ። "ፍሬንማ ዝም የሚያሰኝ ነው!"

ለቀቅኩት፤ አለቀሰ። ያዝኩት፤ ፀጥ።
ከበራቸው እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ አጥሩ ቁራጭ፣
ገፋሁ፣ ያዝኩ፣ ገፋሁ፣ ያዝኩ።
ንጋት ሊሆን ነበር። ጣቴ ደነዘዘ በውርጩ ብዛት፤
ተኝቷል መሰለኝ። ለቅቄ ላየው ግን... ፈራሁት።