ከዓይን ያውጣሽ

እናቴ በር ይዛ፣ ሦስቴ እንትፍ እንትፍ ብላ፣
«ከዓይን ያውጣሽ» አለች፣ የኮቴን ክር ነቅላ።
«ዛሬስ ገልብጪልኝ፣ ዛሬስ ሌላ መርቂ፤
‹ዓይን ክፍል ያግባሽ› በይ፣ ከዚያ በኋላ ሳቂ።»

ከቂርያት ሞሼ ረሆቮት ሆስፒታል፣ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ፤
ለእኔ አሥራ አንድ ዓመት፤ ወታደር ቤት፣ ፈተና፣ የሌሊት ጥበቃ።
ወንበሩ አንድ፣ እኛ አርባ ሦስት፤ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፤
ስሜ አለ፣ ከታች፤ ከአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሏል።

ኮሪደሩ ላይ ራንያ፣ የኡም አል-ፋህሟ ልጅ፣ ማስቲካዋን ገምሳ ሰጠችኝ፤
«አንቺ ብታልፊ ደስ ይለኛል» ብላ በዕብራይስጥ ዋሸችኝ።
እኔም ያንኑ ውሸት መለስኩላት፤ ተያየን፤ ሳቄ አመለጠኝ።

ሦስት ናቸው።
አንዱ ስልኩን፣ አንዷ ወረቀቴን፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤
ዓይን በሚያክሙ ሰዎች ፊት፣ እኔን የሚያይ ዓይን ታጥቷል።
«ስለ ኮርኒያ ጽፈሻል። ጥሩ። እጅሽስ?» አሉኝ፣ «ይንቀጠቀጣል?»

በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአራተኛው ፎቅ በረንዳ፣
የአክስቴ የትርንጎ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኗን ሲጎዳ፣
በወረንጦ አንድ ባንድ እነቅል ነበር፣ ጎረቤት ሳይነሳ፣ በማለዳ።
የቀዶ ጥገናው ወረፋ ስምንት ወር ነው፤
ሽፋሽፍት ወረፋ አያውቅም፣ በሳምንቱ ብቅ ነው።
ከወገራ ያመጣችው ይህን ሕመም ነው፤ ሻንጣዋማ መንገድ ቀረ።
«ትንፋሽሽን ያዢ» ትለኛለች፣ የራሷ ትንፋሽ እየታሰረ።
«ስንት ሆነ?»
«ሰባት።»
«በቃሽ። ስምንተኛው ለነገ ይደር።»

ይህ ሁሉ አፌ ድረስ መጣ። መለስኩት።
የትርንጎን ዓይን ለወንበር መቸርቸር መስሎ ታየኝና ተውኩት።
«አይንቀጠቀጥም» አልኩ።
ጉልበቴን ከጠረጴዛው ሥር በሁለት እጄ ያዝኩት።

ማታ ትርንጎ ሶፋው ላይ ናት።
ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ ቀኙ ጥላ ብቻ ይለያል።
«አለፍሽ?» አላለችም። «አዩሽ?» አለች።
«ወረቀቴን አይተውታል። መልሱ በሁለት ሳምንት ይላካል።»
«ቅረቢ» አለች።
ፊቴን ወደ መብራቱ አዞረች፣
ከዓይኔ ሥር ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ዝቅ አደረገች፣
እኔ በሽተኛ እንደማይ፣ ሳትቸኩል።
ብዙ ቆየች።

«ደክሞሻል» አለች።