ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ትልቁ ቄራው ነው፣
ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ ክፍሉን ስብ ስብ የሚያሸተው።
ነብራስካ፣ ጥር ወር፣ ሁለተኛ ክፍል፤
ጎማው የሚጮህ ጋሪ ታብሌት ጭኖ በኮሪደር ሲንከባለል።
ሃያ አንድ ልጆች፣ ሃያ አንድ ማዳመጫ፣
አንዱ በፕላስተር የታሰረ፣ ግራ ጆሮው ላይ የሚንጫጫ።
እሱ የኤውላሊያ ነው፤ ዘግይታ ነው የመጣችው፣
በጥቅምት፣ ከጓቲማላ ተራራ፤ የተረፈውን ወሰደችው።

በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሙ ጠየቃት፦
«ቤት ውስጥ የምትናገሪው ቋንቋ?»
ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ ጣቷ ወረደ፣ ወረደ፣
ከታች ደረሰ፣ ተመልሶ ሄደ።
ቃንጆባል የሚል የለም።
ሚስስ ኮቫሪክ «ስፓኒሽ በይው» አለቻት፣ አንገቷን ደፍታ፣
ሰው ሲዋሽ እንደሚናገረው፣ በዝግታ።

በስክሪኑ ላይ ኮፍያ ያጠለቀ ፔንግዊን አለ።
«ሺፕ» በይ ይላታል። መርከብ።
«ሺፕ።»
«እንደገና ሞክሪ!»
«ሺፕ።»
«እንደገና ሞክሪ!»
ሰባት ጊዜ። አይቆጣም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤
ሰው ቢሆን በአራተኛው ይሰለቻል፣
ወይም ፊቷን አይቶ ይተወዋል።
ሊባን፣ የጎኗ ልጅ፣ ማዳመጫዋን ገለጥ አድርጎ
«አፍንጫሽን ያዢ» አላት፣ «ጉንፋን እንደያዘሽ ሁኚ፤
እኔ እንደዚያ ነው ያለፍኩት።»
ያዘች። አለች። ኮከብ ወደቀ።

በአፏ ውስጥ ግን ፔንግዊኑ የማያውቀው ድምፅ አለ፣
ጉሮሮን ቆንጠጥ አድርጎ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ያለ።
የቋንቋዋ ስም ራሱ በእሱ ነው የሚጀምረው፤
እኔ ይህን በምጽፍበት ፊደል ከ«ቀ» ቤት ነው የሚያድረው።
«ጠ»ም «ጨ»ም አሏት፣ ጎረቤቶቹ ናቸው፤
ማሽኑ ግን ሲሰማቸው
የጓሮ ጫጫታ መስሎት ያጠፋቸዋል።

ዓርብ ዓርብ ሚስስ ኮቫሪክ ግራፉን ትከፍታለች፣
ማን ስንት ደቂቃ፣ ማን ስንት ቃል፣ ትቆጥራለች።
በየካቲት የኤውላሊያ መስመር ሽቅብ ተተኮሰ።
ሰዓቱን አየች፦ ከሌሊቱ ስምንት። ዘጠኝ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ።
ማክሰኞም። ረቡዕም። የሰባት ዓመት ልጅ!
ይቺ ልጅ እንቅልፍ የላትም ወይ?
ጠዋት ግን የልጅቱ ዓይን ጥርት ያለ ነው፤
ሌሊት አለፈችው የተባለውን ቃል ስትጠየቅ ደግሞ
አንዱንም አታውቀው፦
ትከሻ። ክርን። «ያመኛል»።

እናትየዋ ተጠራች። ሚካኤላ መጣች ከነጎማ ቦቲዋ፤
በስልክ ያለው አስተርጓሚ ስፓኒሽ ነው፣ ግማሹ አይገባትም፣
ታብሌቱን በሻሽ ጠቅልላ፣ እንደ ሌባ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።
«ከሥራ የምገባው በሰባት ተኩል ነው። ልጄ ትተኛለች።
እሱ አይቸኩልም። መቶ ጊዜ ብሳሳት አይታዘበኝም።
ፎርማኑ አንዴ ነው የሚናገረው።»

ውሉ «አንድ መለያ ለአንድ ልጅ» ይላል፤
ሚስስ ኮቫሪክ ታውቀዋለች፣ የፈረመችው እሷ ናት።
ታብሌቱን አነሳች። ሚካኤላ እጇን ሰበሰበች።
መምህርቷ መሳቢያዋን ከፍታ ቻርጀር አወጣች፣
ከሻሹ ጋር አብራ ጠቀለለች።
ለርዕሰ መምህሩ ስለ ግራፉ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦
«ቤተሰቡ ያግዛታል።»

ሌሊት። ማሞቂያው ይንኳኳል። ውጭ በረዶ ይጋግራል።
ቀኑን ሙሉ ቢላ የጨበጠ እጅ መዘርጋት እንቢ ይላል፤
በአንድ ጣቷ ትነካዋለች።
«ትከሻ» ትላለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ውጣ።
«እንደገና ሞክሪ!»
«ትከሻ።»
ኮከቡ ይወድቃል።
«ጎበዝ፣ ኤውላሊያ!» ይላል ፔንግዊኑ፣ ክንፉን እያማታ።
እሷም ወደ አልጋው ዞር ብላ፣
ከዝርዝሩ ውስጥ በሌለው ቋንቋ
«ተኝታለች» ትለዋለች።