አራተኛው በር

ከፋሲል ግቢ ጥግ፣ ከምሥራቁ ግንብ ላይ፣
ኖራ ስለጥፍ ነው፣ ጀርባዬን ለፀሐይ፣
ከስንጥቁ ወጥቶ አንድ እንሽላሊት
ቁልቁል የሚያየኝ፣ እንደ ባለርስት።
ልክ በሦስት ሰዓት፤ አያረፍድም ከቶ።
እኔ ነኝ የማረፍድ፣ ከአዘዞ ባጃጅ ጠፍቶ።

ጥንት ሹፌር ልሆን ነበር፣ በመተማ መንገድ
ሰሊጥ ጭኜ በአይሱዙ ቁልቁል ልነጉድ።
ሐኪም ቤት ቢልኩኝ፣ አንድ መጽሐፍ ገልጦ፣
ነጥብ በነጥብ የሆነ፣ ቁጥሩ መሐል አድፍጦ፣
«ስንት ይላል?» ቢለኝ፣ ነጩን የለበሰው፣
«ምስር ይላል» አልኩት፣ «ሰፌድ ላይ የፈሰሰው።»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ወረቀቱ ላይ ግን አልፈረመልኝም።

ቀይና አረንጓዴ ለኔ መንታ ናቸው፣
እናታቸው ብቻ የምትለያቸው።
ቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ስገዛ
በጣቴ ነው የማየው፣ የሻጯ ስድብ ሲበዛ።
ግንበኛ ሆንኩ እንግዲህ፣ ድንጋይ ቀለም አይጠይቅም ብዬ።
ጋሽ ደርሰህ ግን፣ አለቃዬ፣
ባልዲውን በእንጨት እያማሰለ፣
«ቀልቷል፤ ገል ቀንስ፣ አመድ ጨምር» እያለ
ሦስት ወር አሳረረኝ። ቆይቶ እጄ ለመደ፤
ሽታውን፣ ክብደቱን፣ እርጥበቱን እያወቀ ሄደ።

የእህቴ ልጅ ትርንጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለችው፣
ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ ግንቡ ላይ ያየችው
ያንኑ ጌታ ነው። ሳንቡሳውን ጣለች።
«አጎቴ አትንቀሳቀስ! ዓይኑን እየው» አለች።
«የሰው ዓይን ቀለምን በሦስት በር ያስገባል፤
የእሱ አራት በር አለው፤ በአራተኛው የሚገባል
እኔም ያላየሁት፣ መምህሬም ያላየው፣
ከወይን ጠጁ ወዲያ ፀሐይ የሸሸገው።
በየበሩ ደጃፍ አለች የዘይት ጠብታ፣
ብርሃን የምታጠል፣ አተላውን አስቀርታ።
አናቱ ላይ ደግሞ ያቺን ነቁጥ አየሃት?
ዓይን ናት እሷም፣ ሦስተኛ፤ መልክ አይታያት።
መምሸት መንጋቱን ነው፣ ጥላ ማለፉን ነው
የምትነግረው።»

«እኔስ ስንት በር አለኝ?»
ዝም አለች። የግንቡን ሣር ነጨች።
«ሁለት ይመስለኛል» አለች።

እሱ አራት፣ እሷ ሦስት፣ እኔ ሁለት ይዘን
አንዱን ግንብ አየነው፣ ፀሐይ ላይ ተደርድረን።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ስንጥቅ ደፈንኩ።
ጋሽ ደርሰህ በማግስቱ መነጽሩን ወልውሎ፣
ቀርቦ፣ ራቅ ብሎ፣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣
«የቱ ጋ ነው የለጠፍከው?» አለኝ።
ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅሁ!

በሦስት ሰዓት ልክ ያ ባለርስት መጣ።
አሮጌው ድንጋይ አልቆ የኔ ኖራ ሲጀምር
ቆመ።
አንድ ዓይኑን ለኖራው፣ አንዱን ለኔ ሰጥቶ
ጠርዝ ጠርዙን ዞረ፣ እንደ ድንበር ቆጣሪ።
«አየብኝ» አልኩ በልቤ፣ «በዚያ በአራተኛው፣
ጋሽ ደርሰህ ያላየውን መጋጠሚያ አገኘው።»
አንገቱን ነቀነቀ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
(ትርንጎ ነግራኛለች፦ ሰላምታ አይደለም አጎቴ፣
ግዛቴ ነው፣ ልቀቅልኝ ማለቱ ነው።)

ወይ እኔ! ቀለም ምን ያደርግለታል?
ቤቱ ነበረች እኮ ያቺ ስንጥቅ።
አራቱም የዓይን በሮቹ ወለል ብለው
አምስተኛውን፣ የሚያድርበትን፣ እኔ ዘግቼ።

ካዞላዬን ሳነሣ ጥላዋ አናቱን ነካች፤
መልክ የማታየዋ ዓይኑ እኔን ለይታ አየች፤
ሽው አለ።

ኖራው አልጠነከረም ገና።
በአውራ ጣቴ ልክ ፈለፈልኩት፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው።
ነገ ጋሽ ደርሰህ «ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣
«ወይ ጉድ፣ አላየሁትም» እለዋለሁ፤
ዓይኔን ያውቀዋል፣ ያምነኛል።