በስም ደርድር

ባዱሪ እባላለሁ፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤
«የጺሳና ማሽን ያዘግማል» አሉኝ።
ኩታይሲ፣ የውሃ ክፍያ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ገና ማለዳ፤
እሷ አልደረሰችም፤ ወንበሯ ብቻ አለ፣ ሹራብ ያጠለቀ እንደ እንግዳ።

ስከፍተው ገጹ ላይ ምን ልበል፣ ምን ላውራ፣
መቶ ሰባ አቋራጭ፣ ሰልፍ የለ፣ ተራ፦
ማተሚያው ውሃ ዳር፣ ካልኩሌተር ሰማይ ጥግ፣
የሂሳብ መዝገቡ ብቻውን ድልድይ ላይ፤ እዚያ ምን ሊያደርግ?
ካርታ ጨዋታው ደግሞ ከዛፍ ሥር አድፍጦ፣
የአለቃን ኮቴ እንደ ሰማ ሌባ ተለጥፎ፣ አፍጦ።
ከበስተኋላ ፎቶ፤ ከተማዋ ራሷ፣
ከኮረብታው ታይታ፣ ቀይ ጣሪያ ነው ልብሷ።

ፎቶውን መቼ አየሁ! ያየሁት ግርግር ነው።
በቀኝ ጠቅ። «ደርድር»። «በስም»። አለቀ፤ ይኸው።
ሁሉም ወደ ግራ ተምመው ቀጥ ብለው ቆሙ፣
አንዱም ሳይዛነፍ፣ በፊደል፣ በስሙ።
ከተማው ባዶ ቀረ።
ዛፉም ዛፍ ብቻ ሆነ።
«አማረ» አልኩ ለራሴ። እውነትም አምሮ ነበር።

ጺሳና ገባች፣ ጃንጥላዋ ውሃ እያንጠባጠበ፣
ስድሳ አንድ ዓመቷ፤ ጡረታዋ የቀረበ።
አልጮኸችም። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መለሰች፣
«ማነው ከተማዬን ያፈናቀለው?» አለች።

«አጸዳሁት እኮ።»
«ማተሚያዬስ?»
«‹ማ› ላይ ነው።»
«የኔ ማተሚያ ወንዝ ዳር ነው፤
ወረቀት ይበላል ሁሌ፤ የበላውን ወንዙ ይውሰደው ብዬ ነው።
ካልኩሌተር ከጉልላቱ ጎን፤ ሂሳብ መሳሳት ኃጢአት ነው።
ቆሻሻ መጣያው የቀድሞ ባሌ ደጃፍ ነበር፤
ጠዋት ጠዋት ስደፋበት፣ ቀኔ ይቀና ነበር።
ስማቸውን መቼ አውቃለሁ? ሰፈራቸውን ነው የማውቀው።»

እኔም ዐዋቂ ነኝ፤ አስረዳኋት ዝግ ብዬ፦
«እነዚህ አቋራጭ እንጂ ነገሩ አይደሉም፣ እትዬ፤
ቢጠፉ፣ ቢደመሰሱ፣ ዋናው ካለበት አይነቃነቅም።»
«ዋናውማ ይኑር፤ መንገዱ ከጠፋኝ ለኔ ምን ይጠቅም?»

መመለሻ ፈለግሁ። ይህን ስህተት የሚመልስ ቁልፍ የለም።
ወንበር ሳብኩ።
እሷ በጣቷ መስታወቱን እየነካች፣ እኔ እየጎተትኩ፣
ተወልጄ ያደግኩበትን ከተማ ያን ቀን «ሀ» ብዬ ጀመርኩ፦
«ደብዳቤው ገበያው በር፤ ወሬ ከዚያ ነው የሚነሣው፤
የቅሬታ መዝገቡ ታች ሰፈር፤ ቧንቧ እዚያ ነው የሚያፈሰው፤
አይ፣ እሱ አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ፣ ዳቦ ቤቱን አትሸፍነው።»

አመሻሽ ላይ አንድ ቀረ፣ ምስል የሌለው፣ ነጭ ወረቀት መሳይ፤
ብነካው ማሽኑ ጠየቀኝ፦
«የሚመራበት ነገር የለም። አቋራጩ ይጥፋ?»
ጣቴ «አዎ» ላይ ነበር።
«ተው» አለች። «እሱ ፋብሪካው ጋ ነው፤
መኪና ይሠራበት የነበረው፤ እህቴ ብሎን ታጠብቅ ነበር።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ግን ዛሬም ‹ፋብሪካ!› ብሎ ይቆማል፤
ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል።
ይጥፋ ያለ አለ?»

አኖርኩት። «በራሱ ይደርደር» የሚለውን ምልክት አነሣሁ።
ማሽኑ እንደ ድሮው ያዘግማል፤ እሱን ረሳሁ።

ማታ ወደ ቤቴ፣ በገበያው ውስጥ የሚያቋርጠውን ትቼ፣
ዙሪያውን ሄድኩ፣ በዝናብ፣ ጃኬቴን ከፍቼ።
ድልድዩ መሃል ስደርስ፣ ታች ወንዙ ጥቁር፣ ድፍርስ፣
«የሂሳብ መዝገቡ እዚህ ነው» አልኩ፤
እግሬን ከፍ አደረግሁ፣
እንዳልረግጠው።